ነክተን የመለስነው መነጽር

በቤታችን አንድ በሽታ ነበር፤ ስም አልወጣለትም። ገበያ ይወጣል፣ የሚፈለገው ዕቃ ይነሳል፣ ይገላበጣል፣ በጣት መታ መታ ይደረጋል፣ ከዚያ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጡ ቀስ ተብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። እናቴ ስታነሳ ስትመልስ የኖረችው አበባ የተሳለበት ቴርሞስ ነበር። የቢቸና ነጋዴዎች ያውቋታል። አንዱ እንዲያውም «እሜቴ፣ ይሄ ቴርሞስ ከእኔ ይልቅ እርስዎን ለምዷል» ብሏት ሳቀች፣ ሳቀችና መልሳ አስቀመጠችው። እኔ ደግሞ ከራስ እስከ እግር የሚያሳይ መስታወት እመኛለሁ። ሞጣ ውስጥ አንድ ዕቃ ቤት ደጃፍ ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ ጠዋት ወደ ሥራ ሳልፍ፣ ማታ ስመለስ ራሴን አይበታለሁ፣ አልገዛውም።

ድህነት ብቻ ነው እንዳልል ለሰው ሲሆን እጃችን አይታጠፍም። ለክርስትና፣ ለተዝካር፣ ለጎረቤት ልጅ ሠርግ እንሰጣለን፣ ተበድረንም ቢሆን እንሰጣለን። ለራስ ሲሆን ነውር ይመስለናል። አንዲት የካህን ሚስት ለራሷ ቴርሞስ ብትገዛ ቢቸና ውስጥ ማን ያማታል? ማንም። እናቴ ግን የሚያማት ሰው ከየት ቀበሌ እንደሚመጣ ሳይቀር የምታውቅ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ነክቶ የመለሰው የማንበቢያ መነጽር ነው። እናቴን ያጣኋት በዚያ መነጽር ምክንያት ነው። ቃሉ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አስቀድሜ የተናገርኩት ኋላ ላይ ማንም ሰው በተስፋ እንዳይቆይ ብዬ ነው።

አባቴ የቅኔ መምህር ነው። ቢቸና አጠገብ ባለ አንድ ደብር ጉባኤ ዘርግቶ ዕድሜውን ሙሉ አስተምሯል፤ አገሩ «የኔታ» ይለዋል። ቅኔ ከመጽሐፍ አይነበብም። መምህሩ በቃሉ ይነግራል፣ ተማሪው በቃሉ ይቀበላል፤ የበዓል ቀን ደግሞ ባለቅኔው ቆሞ ትናንት ያልተባለ፣ ነገም የማይደገም አዲስ ነገር ያሰማል። «የተደገመ ቅኔ የተሰረቀ በሬ ነው» ይላል አባቴ። ዳዊቱን፣ ድርሳኑን፣ ሌላውንም የቤተ ክርስቲያን ንባብ ግን በቃሉ ይዞታል። አንድ ነገር ሁለቴ ካነበቡለት አይለቀውም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ጮክ ብዬ የማጠናውን የባዮሎጂ ደብተር ከመደቡ ላይ ሆኖ ሰምቶ፣ በማግሥቱ የልብን ክፍሎች ከእኔ አስበልጦ ዘርዝሮልኛል።

ያኔ ነው ያ ነገር የሆነው። የጎረቤት ደብር ካህን አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ መነጽር አድርጎ መጣ። ምስኪን ሰው ነበር፣ ዓይኑ ደክሞ እንጂ ለጌጥ አልነበረም። አባቴ ግን ምላሱ አላስቀመጠውም። በበዓሉ ቀን አንዲት አጭር ቅኔ ወረወረበት። ግእዙን መልሼ ልለው አልችልም፤ ፍሬ ነገሩ፣ በመነጽር አነባለሁ የሚል ካህን በምርኩዝ ገደል እዘላለሁ እንደሚል ፍየል ነው የሚል ነበር። ካህናቱ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑት። ከደጀ ሰላሙ ሲወጡ ግን ማን ያፍነው! ቅኔዋ ወደ አማርኛ ተመልሳ ገበያ ወጣች፣ ጠላ ቤት ገባች፣ የጁቤ ድረስ ተወራች። ያ ካህን መነጽሩን በጋቢው ሥር ደብቆ እንደሄደ፣ ዳግመኛም አድርጎት እንዳልታየ ሰማን። እናቴ ያን ቀን «አንቱ፣ የሰው ዓይን ላይ ምን አስቀለደዎ?» አለችው። አባቴ ገና በራሱ ቅኔ ደስ እንዳለው ነበር።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዓመታት አለፉና የአባቴ ዓይን ራሱ ደከመ። የሩቁን እንደ ጭልፊት ያያል፤ ከማዶ ዳገት የሚታየው በሬ የማን እንደሆነ ይለያል። እጁ ላይ ያለው ፊደል ግን ጠፋው። ይህን አንድም ሰው አላወቀም። እኔ ቤት በሄድኩ ቁጥር መጽሐፉን አትሮንሱ ላይ ዘርግቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ አገኘዋለሁ። ገጹን በቦታው ይገልጣል። ቀይ ቀለም ያለበት ላይ ሲደርስ እንኳ ጣቱን ያሳርፋል። በቃሉ እያለው እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። ተማሪዎቹም አላወቁም፤ ከጎኑ የምትተኛው እናቴም ብታውቅ አልተናገረችም። በጉባኤ ቤቱ ዓይነ ስውር መምህር ክብር ነው፣ ማንም አይንቀውም። መነጽር የሚያስፈልገው መምህር ግን የአባቴን ቅኔ ከአባቴ አፍ በሰማው ሕዝብ መካከል እንዴት ይወጣል? እሱ ራሱ የዘረጋው ወጥመድ ነው። ምርኩዝ የያዘችው ፍየል እሱ ሆነ።

እኔ ሞጣ በአንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። የሐኪሞችን የእጅ ጽሕፈት መፍታት እንጀራዬ ነው፤ የራሴ ጽሕፈትም ከነሱ ብሶ እንደ ጉንዳን መንገድ ደቅቋል። መንገዱ ደህና በነበረበት ጊዜ አንድ በጋ አባቴ ሊጠይቀኝ መጣ። በገበያ ቀን አብረን ወጣን። በአንድ ግንብ ጥግ የሚነግዱ አንድ የሞጣ አዛውንት ሙስሊም አሉ፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ሞጣ ነግደው ያረፉ ናቸው። ሸራ ላይ የሰዓት ባትሪ፣ ማበጠሪያ፣ ምላጭ፣ ከጎኑም የማንበቢያ መነጽር ይደረድራሉ። ለመሞከሪያ የሚሰጡት ወረቀት ከእኔው መድኃኒት ቤት የተጣለ የሳል ሽሮፕ መመሪያ ነበር።

አባቴ ቆመ። አንዱን አነሳ፣ አደረገ፣ አወለቀ። ሁለተኛውን አደረገ። ሦስተኛውን ሲያደርግ ፊቱ ተለወጠ። ወረቀቱን ያዘና ማንበብ ጀመረ፤ «ከመጠቀምዎ በፊት በደንብ ይነቅንቁ፤ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ…» እያለ፣ ፊደል ገና እንደለየ ልጅ እያንዳንዷን ቃል እየጣመው ነበር የሚያነበው። ነጋዴው ሳቁና «አባ፣ ይቺ ለእርስዎ የተሠራች ናት፣ ይያዟት» አሉት። እኔም ሳቅሁ። አባቴን በሳል ሽሮፕ መመሪያ እንዲያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም ነበር፤ ምን እንዳየሁ ግን አልገባኝም።

ይህን ጊዜ ከመንገዱ ወዲያ «የኔታ! ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» የሚል ድምፅ መጣ። የቢቸና ሰው፣ የደብሩ መሪጌታ፣ ለጉዳይ መጥቶ ነው። አባቴ መነጽሩን እንዴት እንዳወለቀው አላየሁም። ሸራው ላይ ወድቆ አየሁት፣ አንዱ እግሩ ከማበጠሪያዎቹ ሥር ገብቷል። አባቴ ወደ ሰውየው ዞሮ እየሳቀ ሰላምታ ሰጠ።

መሪጌታው ሲሄድ «አባባ፣ ልግዛልዎ?» አልኩት።

«ለምኑ? ዓይኔ ምን ሆነና? የልጅ መጫወቻ ነው። የዚያን ማዶ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከዚህ ሆኜ አየው የለ!»

«ሲያነቡ ደስ ብሎዎት አይቼ ነው።»

«ሂጂ ወደዚያ! ቀልድ ነው የያዝሁት።»

እንቢ ሲል ቀለል አለኝ። እውነቱን መናገር ካለብኝ ይሄ ነው። በቤታችን ልማድ አንድ ሰው ተጠይቆ እንቢ ካለ ነገሩ አለቀ፣ ሁለቱም ወገን ክብሩን ይዞ ይሄዳል። ሦስቴ ብጠይቀው፣ ዝም ብዬ ገዝቼ ጆንያው ውስጥ ብጥለው ምን ይለኝ ነበር? ይቆጣኝ ነበር፣ ለአንድ ቀን። ያን የአንድ ቀን ቁጣ ፈራሁ።

ከዚያ የምታውቁት ጊዜ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። ስልኩ ጠፋ። ከሞጣ ቢቸና፣ በደብረ ወርቅ በኩል፣ ምሳ ሳይደርስ የሚገባበት መንገድ ነው፤ በዚያ ክረምት ግን ሌላ አገር ሆነ። ሰው እንደ ጥንቱ ወረቀት በመንገደኛ መላላክ ጀመረ። እናቴ የደም ግፊት አለባት። ቢቸና ኪኒኑ ጠፍቶ ስለነበር ከሞጣ የምልከው እኔ ነበርኩ፤ እግረኛም ሹፌርም ባገኘሁ ቁጥር፣ በትንሽ ፌስታል ጠቅልዬ፣ ከላዩ ደብዳቤ አድርጌ። ለእናቴ የሚያነብላት አባቴ ነው። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ከሌላ ሰው ዘንድ ይዛ ብትሄድ አባቴን እንደ ማዋረድ ነው፤ የቅኔ መምህር ሚስት ደብዳቤዋን ሰፈር ለሰፈር ታስነብባለች?

ደብዳቤዎቼ ደረቅ ነበሩ። «ደህና ነኝ። ኪኒኑን ጠዋት አንድ። ጨው ቀንሱ። ያለቀውን እሽግ አትጣሉ፣ መልሳችሁ ላኩልኝ።» ይኸው ነው። ወረቀት ላይ ናፍቆት መጻፍ አላውቅበትም፤ የመድኃኒት ቤት ሰው ነኝ፣ ወረቀት ለትእዛዝ ነው።

መልስ በቃል ይመጣል። አንድ ጊዜ አንዲት ነጋዴ ሴት ከቢቸና መጥታ «እናትሽ ስለ ሕልምሽ አትጨነቂ ብላሻለች፣ ውሃ ሕይወት ነው ብላሻለች» አለችኝ። እኔ ስለ ሕልም ምንም አልጻፍኩም። ሴትየዋ የሌላ ሰው መልእክት አደባልቃ ነው አልኩና ተውኩት። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሹፌር «ልጄ የጓደኛዋ ሞት ስላሳዘናት ከእሷ ጋር አለቀስኩ በልልኝ ብለውኛል» አለ። ጓደኛ አልሞተችብኝም። በዚያ ሰሞን ግን ሁሉም ሰው የሆነ ሰው ሞቶበት ነበርና ይሄንንም አልፌው ሄድኩ። ትንሽ ቆም ብዬ ባስብ ኖሮ እላለሁ። ያኔ አላሰብኩም።

አባቴ ደብዳቤዬን አያነብም ነበር። ማንበብ አይችልም። ወረቀቱን ይይዝና ይቀኝ ነበር፤ በእኔ ስም፣ በየጊዜው አዲስ፣ አንዱን ከአንዱ ሳይደግም። ኪኒኑ አስቸግሮት አያውቅም፤ ያው የለመደው ነጩ ኪኒን ነው፣ ጠዋት አንድ።

በነሐሴ መጀመሪያ ነጩ ኪኒን ሞጣም ጠፋ። ያለኝን የመጨረሻ እሽግ ቀደም ብዬ ልኬላት ነበር። ሐኪም አማክሬ ሌላ አገኘሁ፣ ቢጫ ነው፣ ጠንከር ይላል። አንድ ሰው በማግሥቱ ይነሳል ተባለና በዚያው ምሽት በሐኪም ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በዚያች የጉንዳን ጽሕፈቴ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤

«የድሮው ነጩ ኪኒን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። የተረፈ ካለ ይጣል። ሁለቱ አብረው አይወሰዱም፣ ይጥላታል። አዲሱ ቢጫው ግማሽ ብቻ፣ ጠዋት፣ ምግብ ከቀመሰች በኋላ። ጾም ነው ብላ ባዶ ሆዷን እንዳትወስድ፣ ንስሐ አባቷ ይፍቱላት። ራሷን ካዞራት ቶሎ ሐኪም ቤት ትሂድ። አባባ፣ አደራ፣ እርስዎ ራስዎ እያዩ ይስጧት።»

«ሁለቱ አብረው አይወሰዱም» ከሚለው ሥር ሁለት ጊዜ በቀይ አሰመርኩ። ጠዋት ፌስታሉን ይዤ ስሄድ በአዛውንቱ ነጋዴ ሸራ በኩል አለፍኩ። መነጽሩን አየሁት፣ ያው እሱ መሆን አለመሆኑን እንጃ፣ ግን አነሳሁት። አብሬ ልላከው? ቁጥሩን አላውቅም፣ ደግሞም ይከፋዋል፣ ደግሞም ሰውየው ሊሄድብኝ ነው። መልሼ አስቀመጥኩት። ይሄን የማውቀው እኔና ነጋዴው ነን፤ ሳስታውሰው ዛሬም እጄ ይበላኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የቢቸና ሰው መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። «እናትሽ ወድቃ ታማለች፣ ብትሄጂ ጥሩ ነው» አለ። በእኛ አገር ሞትን እንዲህ ነው የሚናገሩት፤ ታማለች ካሉ፣ ባርኔጣ ካወለቁ፣ አልቋል። እኔ ግን መድኃኒት አዋቂ ነኝ አይደል፣ ከመደርደሪያው ያስፈልጋል ያልኩትን ሁሉ ሰብስቤ ይዤ ተነሳሁ። ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግር፣ ጭቃው እስከ ጉልበት፤ መንገድ ላይ አንድ ቦታ አንድ ሙሉ ቀን «ማለፍ አይቻልም» ተብለን ቆምን። ቢቸና የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ተቀብራለች። መድኃኒቱን ከነፌስታሉ በሩ ሥር ጣልኩትና አለቀስኩ።

የሆነው ይሄ ነው። ፍልሰታ ነበር፣ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ጠዋት ተነስታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትል ደጃፉ ላይ ዞረባት። ወደ ኋላ ወደቀችና ጭንቅላቷን የደረጃው ድንጋይ መታት። ቀኑን ሙሉ አልተናገረችም። ማታ አረፈች።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠችው የጎረቤታችን ሴት፣ የእናቴ የልብ ወዳጅ ናት። ክንዴን ይዛ ስታጽናናኝ እንዲህ አለች፤ «አይ አንቺ! ደብዳቤ እንዴት ታውቂበታለሽ! የኔታ ሲያነቡላት እኛ ጎረቤቶች ሁሉ ተሰብስበን ነበር የምንሰማሽ። ያቺኛዋማ! ‹እማዬ፣ ሌሊት ሌሊት አዝለሽኝ ውሃ ስታሻግሪኝ በሕልሜ አያለሁ፣ እግርሽ እንዳይዳልጥሽ ብዬ ስጮኽ እነቃለሁ› ያልሻት። እንዴት እንዳለቀሰች! አልቅሳ አልቅሳ ደግሞ ሳቀች። ‹እስከዛሬ ልጄ እንዲህ የምትወደኝ አይመስለኝም ነበር› አለች።»

«የመጨረሻውስ?» አልኳት፤ «የመጨረሻው ደብዳቤ ምን ይል ነበር?»

«እሱማ ደስ የሚል ነበር። ‹እማዬ፣ አይዞሽ፣ መንገዱ ሲከፈት መጥቼ ራስሽን እሠራሻለሁ። የላክሁልሽን መድኃኒት ሁሉ ሳትሰስቺ ዋጪ፣ ለአንቺ ያልሆነ ለማን ይሆናል› ብለሻታል። የኔታ ሲያነቡ ድምፃቸው ተሰበረ።»

ከመሐላቸው ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። ሁለቱ እሽጎች ቅርጫቱ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ። ፍሬዎቹ ከዳር ጀምሮ በተራ ወጥተዋል፣ ከነጩ ዘጠኝ፣ ከቢጫውም ዘጠኝ። የኔታ ምንም ነገር አያዝረከርክም። በየጠዋቱ አንድ ነጭ፣ አንድ ሙሉ ቢጫ፣ በባዶ ሆድ፣ ዘጠኝ ቀን። ቁጭ አልኩ። ኪኒን እየቆጠረች የምትኖር ሰው ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋትም።

አባቴን ያን ቀንም በማግሥቱም አልጠየቅሁትም። ለቀስተኛው ሲቀንስ፣ በአንድ ጠዋት፣ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘሁትና ደብዳቤዎቼ የት እንዳሉ ጠየቅሁት። ከዳዊቱ ማኅደር ውስጥ አወጣልኝ፤ አንዱም አልጠፋ፣ ሁሉንም አጣጥፎ አስቀምጧቸዋል። የመጨረሻውን መረጥኩና ሰጠሁት።

«ያንብቡልኝ» አልኩት።

ያዘው። ከፊቱ ራቅ አደረገው፣ ክንዱ እስኪያልቅ። «ለምወድሽ እናቴ» ብሎ ጀመረ። ሁለት ሦስት ቃል እንዳለ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፤ ቁጣዬን ከፊቴ አንብቦ ይሆናል፣ ያን ያህል ርቀት ይታየዋል። ቆመ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«አይታየኝም» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየ። አንቺ ሞጣ ሳትሄጂ።»

«እና ምን ነበር የሚያነቡላት?»

«የምትይውን ነዋ። ልጅ ለእናቷ የምትለው ይጠፋኛል?» ድምፁ እንደ መቆጣት አለ፣ ከዚያ ወረደ። «ደስ ይላት ነበር። አንቺ በስልክም ቶሎ ነው የምትዘጊው። እሷ ደብዳቤ ሲመጣ እንደ ልጅ ነበር የምትሆን። እንዴት አይታየኝም ልበላት? ጎረቤት ሁሉ ተቀምጦ?»

«ተማሪ አልነበረም? ካንዱ ተማሪ ጋር ቢነበብ ምን ነበረበት?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ለፍየሏ ስቆ ያደረ አገር ነው።

ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀኝ። ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጋና፣ ቀስ ብሎ፣ «ምን ይል ነበር?» አለ። «እስቲ አንቺ አንብቢው።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አባቴ የሚያውቀው ሚስቱ ወድቃ መሞቷን ብቻ ነበር። እግዚአብሔር ጠራት፣ ጾሙ ደከማት፣ ድንጋዩ ክፉ ነበር። በእጁ ምን እንዳጎረሳት አያውቅም። እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቅ። ሌላ ነገር ልለው እችል ነበር። «ደህና ነኝ፣ ናፍቃችሁኛል ይላል» ብለው ያምነኝ ነበር፤ የዚያ ቤት ልጅ ነኝ፣ አንዲት ደብዳቤ መፍጠር አያቅተኝም። አሁን ሳስበው ማድረግ የነበረብኝ እሱን ነው። ግን ተናድጄ ነበር። በእሱ ምላስ፣ በእሱ ኩራት፣ የእኔን ስም ይዞ በተናገረው ያማረ ቃል ሁሉ ተናድጄ ነበር፤ እናቴ ‹እንዲህ የምትወደኝ አይመስለኝም ነበር› ያለችው ለእሱ ቃል እንጂ ለእኔ አልነበረም። ላሳምመው ፈለግሁ።

እንደተጻፈው አነበብኩለት። ድምፄን ሳልሰብር፣ ለበሽተኛ ትእዛዝ እንደማነብ። «ሁለቱ አብረው አይወሰዱም፣ ይጥላታል» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ከሥሩ ሁለቴ በቀይ መሰመሩንም ነገርኩት።

አልጮኸም። ደረቱን አልመታም። ጋቢውን ወደ ላይ ሳበ። ከዚያ፣ ጉባኤ ላይ ለተማሪ በሚናገርበት ድምፅ፣ «ድገሚው» አለኝ።

«ይቅርብዎ፣ አባባ።»

«ድገሚው ብያለሁ።»

ደገምኩለት። በዚህኛው ጊዜ እያነበብኩ ማልቀስ ጀመርኩ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ። ስጨርስ እጁን አነሳ፣ ዝም በይ እንደማለት። ዓይኑን ጨፈነና ከመጀመሪያው ጀመረ። «የድሮው ነጩ ኪኒን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር፣ የተረፈ ካለ ይጣል…» አንዲት ቃል አልዘለለም፣ አንዲት ቃል አልጨመረም። ባዶ ሆዷን እንዳትወስድ፣ ንስሐ አባቷ ይፍቱላት አለ። ራሷን ካዞራት አለ። «አባባ፣ አደራ፣ እርስዎ ራስዎ እያዩ ይስጧት» ብሎ ጨረሰ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዳዊቱን ሲጨርስ ይህንኑ ደብዳቤ ያስከትላል። ይበቃዎታል ብዬ እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ። አያቆምም።